ሉባን፥ ቤንዞልና የመራራ ለውዝ መዓዛ

መተማ ሲባል በኢትዮጵያዊ ልብ አስቀድሞ የሚታሰበው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የተደረገው ጦርነት ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሽ ጦር ጋራ ሲዋጉ በመተማ ቆስለው ማረፋቸውን የማያውቅ የለም፤ የድንበሩ ከተማም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ እየተባለ በስማቸው ይጠራል። ይሁን እንጂ ከጦርነቱ በፊትም ሆነ ከጦርነቱ በኋላ ያ ቆላ የገበያ አገር ነበር። ከጎንደር የሚወርደው ነጋዴ ሰሙን፥ ቡናውን፥ ማሩንና ዝባዱን ጭኖ ከሱዳን ከሚመጣው ነጋዴ ጋራ የሚገናኘው በዚያ በር ነበር። በዚያው ገበያ ሰው እንደ ዕቃ የተሸጠበት ክፉ ዘመን እንደ ነበረም ታሪክ አይሸሽገውም።

ከዚህ ሁሉ ጭነት መካከል አንዱ፥ ማለት ዕጣን፥ ከነጋዴው መዝገብ አልፎ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባ ስም አለው። በዛሬው ጊዜ በትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የሚማር ወጣት ሁሉ ሳያውቀው ያንን ስም ይጠራል። ስሙ እንዴት እንደ ተጓዘ፥ ስሙን የተሸከመው ሳይንስም መዓዛን በፋብሪካ ለመሥራት እንዴት እንደ ቻለ፥ በመጨረሻም ይህ ታሪክ ዕጣኑን ለሚያበቅለው አገር ምን እንደሚነግረው መመርመር ለእኛ ከጉጉት ያለፈ ጥቅም አለው። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በመተማ ወረዳ ዋና ከተማ በሸሕዲ፥ በሌላ ስሟ በገንዳ ውሃ፥ ዙሪያ ባለው ደረቅ ቆላ ዋልያ መቀር የሚባል ዛፍ ይበቅላል። የዕፀዋት ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይሉታል፤ የኋለኛው ቃል ትርጓሜው ወረቀት ያዥ ማለት ሲሆን፥ ቅርፊቱ እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ ስለሚነሣ የተሰጠው ስም ነው። ክረምቱ አልፎ ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፥ ሠራተኛው በስለታም መሣሪያ ቅርፊቱን በጥቂቱ ይፍቀዋል። ከቁስሉ እንደ ወተት የነጣ ሙጫ ይወጣል፤ ነፋስ ሲያገኘውም ይረጋል፥ ይደርቃል። ሠራተኛው የደረቀውን ለቅሞ ቁስሉን እንደ ገና ያድሰዋል፤ ዝናብ እስኪመለስም ድረስ ይህንኑ ይደጋግማል። የተለቀመውም ዕጣን ወደ መጋዘን ይገባና፥ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ተቀምጠው በመጠኑና በንጣቱ እየለዩ በየደረጃው ይመድቡታል። ከዚያም በጆንያ ሆኖ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል።

ይህን ሙጫ ዐረቦች ሉባን ይሉታል። ቃሉ በሴም ቋንቋዎች ንጣትን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ነው፤ ከቁስሉ የሚፈሰውን ነጭ ደም ላየ ሰው የስሙ ምክንያት ግልጽ ነው። በመካከለኛው ዘመን የዐረብ ነጋዴዎች በሩቅ ምሥራቅ፥ በሱማትራ ደሴት፥ ሲጨስ ደስ የሚያሰኝ ሌላ ሙጫ አገኙ። ይህ የሚወጣው ስቲራክስ ከሚባል ከሌላ ዘር ዛፍ ነበር። ነጋዴዎቹ ግን አዲሱን ነገር በሚያውቁት ነገር ስም መጥራት ልማዳቸው ነበርና፥ ሉባን ጃዊ፥ ማለት የጃዋ ዕጣን፥ አሉት። አውሮጳውያን ሸቀጡን ከነስሙ ሲቀበሉ የመጀመሪያው “ሉ” በራሳቸው ቋንቋ ከስም በፊት የሚቀመጥ ምእላድ መስሏቸው ጣሉት። የቀረውም ቃል ከአፍ ወደ አፍ እየተለዋወጠ ቤንዞይን ሆነ።

ቤንዞይን ሲሞቅ ከላዩ እየተነነ ነጭ ሆኖ የሚረጋ ነገር አለ፤ እርሱም ቤንዞይክ አሲድ ተባለ። በ1833 ገደማ ሚቸርሊኽ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይህን አሲድ ከኖራ ጋራ አሙቆ አንድ ቀላል ፈሳሽ አወጣና ቤንዚን ብሎ ሰየመው። ያው ፈሳሽ ቀደም ብሎ በ1825 በለንደን ማይክል ፋራዴይ ለመብራት ከሚሠራ ጋዝ ዝቃጭ ያገኘው ነበር። ዩስቱስ ሊቢኽ ደግሞ ስሙን ወደ ቤንዞል ለወጠው። ቤንዚን የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ ቆይቶ ከድፍድፍ ዘይት ለሚጣራው ነዳጅ ተሰጠና በአውሮጳ ቋንቋዎች በኩል ወደ እኛም አገር ገባ። እንግዲህ በመተማ መንገድ ባለመኪናው “ቤንዚን ቅዳልኝ” ሲል፥ ከዕጣን ስም የተወለደ ቃል መናገሩ ነው። እኛም ነዳጁና የኬሚስትሪው ፈሳሽ እንዳይምታቱ በዚህ ጽሑፍ የኋለኛውን ቤንዞል እንለዋለን።

ስሙ እንዲህ ከተጓዘ፥ የነገሩ ምርመራ ደግሞ በሌላ መዓዛ ተጀመረ። የኮክ ፍሬ በልቶ ጠንካራውን ቅርፊት የሰበረ ሰው፥ በውስጡ ያለው ፍሬ መራራና ልዩ ሽታ ያለው መሆኑን ያውቃል። የመራራ ለውዝም ሽታ ይኸው ነው። በ1832 ፍሪድሪኽ ቮለር ሚስቱ ሞታበት በጽኑ ኀዘን ላይ ሳለ፥ ወዳጁ ሊቢኽ ሐሳቡን በሥራ ይረሳው ዘንድ ወደ ጊሰን ከተማ ጠራው። ሁለቱም የመራራ ለውዝን ዘይት ለመመርመር ተቀመጡ። ዘይቱን ከመርዙ አጣርተው ባዩት ጊዜ ነፋስ ሲያገኘው ኦክስጅን እየወሰደ ወደ ቤንዞይክ አሲድ እንደሚለወጥ አረጋገጡ። ከዚህ የበለጠው ግኝታቸው ግን ሌላ ነው፤ ዘይቱ ከልዩ ልዩ ነገሮች ጋራ እየተጋባ ሲለዋወጥ፥ ከውስጡ አንድ የአተሞች ጭፍራ ሳይፈርስ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ተመለከቱ። ይህንንም ጭፍራ ቤንዞይል አሉት። የሕይወት ካላቸው ነገሮች የሚገኘው ኬሚስትሪ እንደ ዱር የማይታወቅ በነበረበት ዘመን፥ ይህ የመጀመሪያው የመንገድ ምልክት ሆነ።

የመራራ ለውዝ ዘይት ዛሬ ቤንዛልዲሃይድ ይባላል። አልዲሃይድ የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ሊቢኽ በ1835 ነው፤ “ሃይድሮጅን የተነሣው አልኮል” የሚለውን የላቲን ሐረግ አሳጥሮ የሠራው ቃል ነው። አሠራሩም ይኸው ነው። አንድ የካርቦን አተም በአንድ ወገን ኦክስጅንን በድርብ ማሰሪያ ይዞ፥ በሌላው ወገን ሃይድሮጅንን የያዘ እንደ ሆነ አልዲሃይድ ይሆናል። ብዙ የታወቁ መዓዛዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ቀረፋን ቀረፋ የሚያሰኘው፥ ከሙንንም ከሙን የሚያሰኘው፥ የቫኒላንም ፍሬ ተፈላጊ ያደረገው እያንዳንዱ የራሱ አልዲሃይድ ነው። የኢትዮጵያ እመቤት የወጧን ቅመም ስታሽት በአፍንጫዋ የምትለየው ነገር፥ ሊቃውንቱ በብርጭቆ ዕቃ ሲፈልጉት የኖሩት ነው።

እነዚህ ሁሉ መዓዛ ያላቸው ነገሮች ሲፈተኑ ከሃይድሮጅናቸው ይልቅ ካርቦናቸው የበዛ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በ1855 ሆፍማን የተባለው ሊቅ ይህን ወገን አሮማቲክ፥ ማለት ባለመዓዛ፥ ብሎ ጠራው። በ1865 አውጉስት ኬኩሌ የቤንዞል ስድስቱ ካርቦኖች በሰንሰለት ተዘርግተው ሳይሆን እንደ ቀለበት ተያይዘው የቆሙ መሆናቸውን ገለጸ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ አሮማቲክ የሚለው ቃል ትርጓሜው ከአፍንጫ ወደ ቅርጽ ተዛወረ። ቀለበቱ ያለው ነገር ምንም እንኳ ባይሸት አሮማቲክ ነው፤ ቀለበቱ የሌለው ግን ሽታው ቤት ቢሞላ ከወገኑ አይቈጠርም። ይህን አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው ዘመን አውሮጳ የድንጋይ ከሰል ጋዝ ለመብራት ትሠራ ነበር፤ ከሥራውም የሚተርፈው ጥቁር ሬንጅ የሚጣልበት ስፍራ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ሬንጅ ቤንዞልና ወንድሙ ቶሉዊን በብዛት እንደሚወጡ ታወቀ። ቶሉዊንም ስሙን ያገኘው በኮሎምቢያ ካለችው ከቶሉ ከተማ በሚመጣ የዛፍ ሙጫ ምክንያት ነው፤ ያችም እንደ ሸሕዲ ትንሽ ከተማ ስሟን ለዓለም ሳይንስ አውሳለች። እንግዲህ በአንድ ወገን ርካሽ ቀለበት በሬንጅ ውስጥ ሞልቷል፤ በሌላ ወገን ውድ አልዲሃይድ በቅመምና በአበባ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። ርካሹን ወደ ውድ የሚያሻግረው ድልድይ እንዴት ይሠራ? የግማሽ ምእት ዓመት ድካም የተደረገው ለዚህ ጥያቄ ነበር።

ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መንገድ ተገኘለት። የመጀመሪያው በቀለበቱ ላይ አስቀድሞ የተንጠለጠለ ካርቦን ላለው፥ እንደ ቶሉዊን ላለው ነገር ነው። ያን ካርቦን ከኦክስጅን ጋራ ማጋባት ይበቃል። ችግሩ ግን ሥራው እንደ ቁልቁለት ነው፤ መውረዱ ቀላል፥ በወገቡ ላይ መቆም ግን ከባድ ነው። አልዲሃይድ በመካከል ያለ ማረፊያ ስለ ሆነ፥ ኦክስጅን የበዛበት እንደ ሆነ አልፎ ወደ ቤንዞይክ አሲድ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ኤታር ከ1880 አካባቢ ጀምሮ ለዚህ ብልሃት አገኘ። ቶሉዊንን ክሮሚል ክሎራይድ ከሚባል ቀይ ፈሳሽ ጋራ ሲያገናኘው፥ ሁለቱ ተጣብቀው ቡናማ ጠጣር ሆነው ይዘቅጣሉ። አልዲሃይዱ በዚያ ጠጣር ውስጥ ታስሮ ስለሚቆይ ወደ አሲድ ለመለወጥ ጊዜ አያገኝም፤ ኋላ ውሃ ሲጨመርበት ይፈታል። ፋብሪካዎች ደግሞ ሌላ መንገድ መረጡ፤ የቶሉዊንን ሁለት ሃይድሮጅን በክሎሪን ይተኩና ክሎሪኑን በውሃ አስለቅቀው ቤንዛልዲሃይድ ያወጣሉ። ቶሉዊንን በአየር በቀጥታ ማጋባትም ኋላ የተለመደ የፋብሪካ ሥራ ሆነ።

ሁለተኛው መንገድ ምንም ካርቦን ያልተንጠለጠለበትን ባዶ ቀለበት አልዲሃይድ ማልበስ ነው። በ1876 ካርል ራይመርና ፈርዲናንድ ቲማን ፌኖልን ከክሎሮፎርምና ከጠንካራ ሶዳ ጋራ አፍልተው፥ ከፌኖሉ ኦክስጅን አጠገብ ባለው ካርቦን ላይ አልዲሃይድ እንዲበቅል አደረጉ። ሥራው የሚከናወነው ክሎሮፎርሙ በሶዳው ኀይል አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ክሎሪን አጥቶ፥ አጥብቆ ጓደኛ የሚፈልግ ጎዶሎ ነገር ስለሚሆን መሆኑ የታወቀው ብዙ ቆይቶ ነው። በ1897 ደግሞ ሉድቪግ ጋተርማንና ባልደረባው ኮኽ ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሃይድሮጅን ክሎራይድን በአሉሚኒየም ክሎራይድና በመዳብ ጨው አጋዥነት ወደ ቀለበቱ አስገቡ። ከሁለቱ ጋዞች ይወለዳል ተብሎ የሚጠበቀው ፎርሚል ክሎራይድ በተራ ሙቀት ብቻውን ሊቆም የማይችል ነገር ነው፤ የእነርሱ ብልሃት የማይቆመውን ነገር ሳያስቆሙ ሥራውን ማሠራታቸው ነበር። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ቤት ከሰል ያነደደን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነውና፥ ዘዴው በእያንዳንዱ ሠራተኛ እጅ የሚሰጥ አልነበረም። በ1927 ፊልስማየርና ሃክ ከፎርሚክ አሲድ የሚሠራ አንድ አሚድን ከፎስፎረስ ኦክሲክሎራይድ ጋራ አዋሕደው የተሻለ መንገድ ከፈቱ። ይህ መንገድ ኤሌክትሮን ለጋስ ለሆኑት ቀለበቶች የሚስማማ ሲሆን፥ እስከ ዛሬም በመድኀኒት ሥራ ይሠራበታል።

የእነዚህ ድልድዮች ፍሬ በገበያ ላይ ፈጥኖ ታየ። በ1868 ዊልያም ፐርኪን ከሳሊሲልአልዲሃይድ ኩማሪን የተባለውን የደረቀ ሣር መዓዛ ሠራ። ከቤንዛልዲሃይድም ማላካይት ግሪን የሚባል አረንጓዴ ቀለም ተሠራ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የቫኒላ ነገር ነው። በ1874 ቲማንና ቪልሄልም ሃርማን ከጥድ ዛፍ ፈሳሽ የሚገኝን ነገር ለውጠው ቫኒሊንን አወጡ፤ በዚያው ዓመት ሃርማን በሆልትስሚንደን ከተማ ፋብሪካ አቆመ። በሃያኛው ምእት ዓመት ደግሞ ቫኒሊን የወረቀት ፋብሪካዎች ከሚጥሉት ዝቃጭ፥ ኋላም ከድፍድፍ ዘይት ከሚመጣ ጓያኮል መሠራት ጀመረ። በዛሬው ጊዜ በዓለም ላይ ከሚበላው ቫኒሊን እጅግ የሚበዛው ከአበባ ጋራ ግንኙነት የለውም።

ይህን የሰማ የመተማ ሰው፥ “ታዲያ የእኛስ ዕጣን እንደ ቫኒላ በፋብሪካ ይተካ ይሆን?” ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ቀደም ብለን አንባቢ ይያዝልን ካልነው ነገር ጋራ ይገናኛል። በ1999 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ሊቃውንት የዋልያ መቀርን የዕጣን ዘይት መርምረው በኢትዮጵያ ኬሚስቶች ማኅበር መጽሔት አሳትመዋል። በዘይቱ ውስጥ እጅግ የሚበዛው ኦክቲል አሲቴት የሚባለው ሆኖ ተገኘ። ይህም ስምንት ካርቦኖች በአንድ ቀጥተኛ መስመር ተዘርግተው ከአሴቲክ አሲድ ጋራ የተጣመሩበት ነገር ሲሆን፥ ቀለበት የለውም። እንግዲህ ለአሮማቲክ ወገን በሩቅ ስሙን ያወረሰው ሉባን፥ ራሱ በኬሚስትሪ ሕግ ከአሮማቲክ ወገን አይቈጠርም ማለት ነው።

ኦክቲል አሲቴትን በፋብሪካ መሥራት አያስቸግርም። ሆኖም በጠርሙስ ያለ ኦክቲል አሲቴት ዕጣን አይሆንም። ቫኒላ ላይ ፋብሪካው የቻለው፥ የመዓዛው ዋና ሸክም በአንድ ነገር ላይ ስለ ወደቀ ነው። ዕጣን ግን የሚተን ዘይት፥ ቦስዌሊክ አሲዶች የሚባሉት የሚገኙበት ሬዚንና በውሃ የሚሟሟ ሙጫ አንድ ላይ የተዋሐዱበት ነው፤ በፍም ላይ ሲወድቅም ሙቀቱ እነዚህን ሁሉ እየለወጠ ጢሱን ይሠራል። ስለዚህ እስከ ዛሬ የዛፉን ስፍራ የወሰደ ፋብሪካ የለም። ዕጣኑ ለቤተ ክርስቲያንም፥ ለቡና ሥርዓትም፥ ለውጭ አገር ሽቶ ቀማሚም የሚመጣው ከዚያው ከተፋቀው ቅርፊት ነው።

አደጋው ያለው እንግዲህ በአውሮጳ ፋብሪካ ሳይሆን በቆላው ምድር ላይ ነው። በመተማ ደን ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ ጥናት፥ የሚፋቁትንም የማይፋቁትንም ዛፎች ቈጥሮ፥ በሁለቱም ዘንድ ትልልቆቹ ሲሞቱ የሚተካ ለጋ ዛፍ እንደ ጠፋ አሳየ። ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶው እንደሚያልቁ፥ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት በግማሽ እንደሚቀንስ ተመራማሪዎቹ አሰሉ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ፥ በኤርትራና በሱዳን ያሉ 23 የዛፍ ስፍራዎችን ተመልክቶ፥ በአብዛኞቹ ለጋ ዛፍ እንደሌለ መሰከረ። ቡቃያው በከብት ይበላል፥ በበጋው እሳት ይነዳል፤ ያለ ዕረፍት የተፋቀውን ዛፍ ጥንዚዛ ይቦረቡረዋል፤ ሰሊጥና ጥጥ የሚዘራበት እርሻም ደኑን እየገፋ ይሄዳል።

ኬሚስትሪ የነገራችንን ታሪክ ከዚህ ጋራ ስናያይዘው የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ሊቢኽና ቮለር ከአንድ መራራ ፍሬ ዘይት ተነሥተው ሰፊ ሳይንስ የከፈቱት፥ ዘይቱን ከመሸጥና ከማሽተት አልፈው ከምን እንደ ተሠራ ስለ ጠየቁ ነው። እኛ ሉባኑን ስንሸጥ በጆንያ የሚመዘነውን ብቻ እንሸጣለን፤ ዘይቱን የሚያጥነውና አሲዱን የሚለየው ሌላ ስለ ሆነ፥ የጥያቄው ዋጋ የሚቀረው ከጠያቂው ዘንድ ነው። ሆኖም ጠያቂነት እንግዳ ነገር አለመሆኑን የ1999 ምርመራ አስመስክሯል፤ የቀረው ጥያቄው ከአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ ወደ ደኑ ድረስ እንዲወርድ ማድረግ ነው።

በሸሕዲ የሚያስተምር መምህር የቤንዞልን ቀለበት በሰሌዳ ሲሥል፥ ስሙ ከሉባን እንደ መጣ ለተማሪዎቹ ቢነግራቸው፥ ትምህርቱ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ተማሪውም የአገሩን ሙጫ በውሃ እንፋሎት ቢያጥን፥ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን በእጁ ይዳስሳል። የመሬቱ አስተዳዳሪ ደግሞ ጥቂት ጋሻ ደን ከከብትና ከእሳት ቢከልል፥ ለሚፋቀውም ዛፍ የዕረፍት ዓመት ቢወስን፥ ዛሬ የጠፋው ቡቃያ ሊነሣ ይችላል። አንድ የዋልያ መቀር ችግኝ ለመፋቅ እስኪበቃ ድረስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታልና፥ ለልጆቻችን ዘመን የሚሆነው ዕጣን መተከልና መጠበቅ ያለበት አሁን ነው።